መበስበስ እንዴት ጉቦ ሆነ፦ «ኮራፕሽን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክና ትርጉሞች

በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት፣ በ15ኛው መዝሙር፣ «ወኢትሁቦ ለጻድቅከ ይርአይ ሙስና» የሚል ቃል አለ። ዳዊት መድገም የለመደ ሰው ሳይደናገር ያልፈዋል፤ ሙስና እዚህ ቦታ ላይ የሥጋ መፍረስ፣ በመቃብር መበስበስ መሆኑን ያውቃልና። ቃሉን ከዜናና ከፍርድ ቤት ውሎ ብቻ የሚያውቅ ወጣት ግን ጻድቅና ሙስና በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን አገናኛቸው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ የዛሬ እንግሊዛዊም በዚሁ ጥቅስ ላይ በዚሁ ዓይነት ይደናቀፋል፤ ለእርሱ የተቀመጠለት ቃል «ኮራፕሽን» ነው። ሁለቱ ቃላት በትውልድ የማይዛመዱ ሆነው ሳለ አንድ ዓይነት መንገድ መሄዳቸው በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ይህ ጽሑፍ በዋናነት የእንግሊዝኛውን ቃል ጉዞ ተከትሎ ምክንያቱን ለማስረዳት ይሞክራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጹ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሥሩ እንጀምር። «ኮራፕሽን» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይኛ በኩል ሲሆን፣ መነሻው «ኮሩምፔሬ» የሚለው የላቲን ግሥ ነው። የዚህ ግሥ ሁለተኛው ክፍል «ሩምፔሬ» ማለት ሰበረ ማለት ነው፤ ፊት ለፊቱ የቆመው ምዕላድ ደግሞ «ፈጽሞ» የሚል ኃይል ይጨምርለታል። ስለዚህ የቃሉ የመጀመሪያ ሥዕል የተሰባበረ፣ አንድነቱን ያጣ፣ እንዳይጠገን ሆኖ የፈረሰ ነገር ነው። ንግግር ማቋረጥን የሚያመለክተው «ኢንተራፕት»፣ የእሳተ ገሞራ መፈንዳትን የሚገልጸው «ኢራፕት»፣ የከሰረ ነጋዴ ስም የሆነው «ባንክራፕት» ሁሉ የዚሁ «ሰበረ» ልጆች ናቸው። የቃሉ ተቃራኒ ተደርጎ የሚጠራው «ኢንቴግሪቲ» እንኳ ይህንኑ ሥዕል ይጠብቃል፤ በላቲኑ ያልተነካ፣ ያልጎደለ፣ ሙሉ የሆነ ነገርን ከሚያመለክት ቃል የተገኘ ነው፤ በሒሳብ ሙሉ ቁጥር የምንለው በእንግሊዝኛ «ኢንቲጀር» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግሊዛውያን ሐቀኛውን ሰው ሲያመሰግኑ፣ ቃሉን ቃል በቃል ከወሰድነው፣ ያልተሰበረ ነው እያሉ ነው።

ሮማውያን ይህን ግሥ ለብዙ ጉዳይ ይጠቀሙበት ነበር። ምግብ ሲሸት፣ ውኃ ሲመረዝ፣ መዝገብ ሲጭበረበር፣ የሰው ሚስት ስትታለል፣ ዳኛ በገንዘብ ሲገዛ ቃሉ አንድ ነበር። ጉቦ ከቃሉ ትርጉሞች አንዱ ሆኖ ከጥንት ጀምሮ ነበረ ማለት ነው፤ ሆኖም ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነበር። ዳኛው የተሸጠበት ፍርድና የተበላሸው ሥጋ በአንድ ቃል የሚጠሩት ሁለቱም መሆን ያለባቸውን ነገር መሆን ስላቆሙ ነው።

ለቃሉ ክብደት የሰጡት ግን ፈላስፎች ናቸው። አርስቶትል ስለ ነገሮች መገኘትና መጥፋት የጻፈው መጽሐፍ በላቲን ሲተረጎም መጥፋት የሚለውን የግሪክ ቃል «ፍቶራ»ን የተካው «ኮሩፕቲዮ» ነበር፤ ዐረቦችም በበኩላቸው መጽሐፉን «አል ከውን ወል ፈሳድ» ብለው ጠሩት። በዚህ አስተሳሰብ ኮራፕሽን ነቀፌታ የለበትም። ከጨረቃ በታች ያለ ነገር ሁሉ ይገኛል፣ ይጠፋል፤ ዘሩ ፈርሶ ቡቃያ ይሆናል፣ እንጨቱ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ከጨረቃ በላይ ያሉት የሰማይ አካላት ግን የማይለወጡና የማይጠፉ ተደርገው ይታሰቡ ነበር፤ ለዚህም ነው በ1572 ከዚያ በፊት ያልነበረ የመሰለ ብሩህ ኮከብ በሰማይ ሲታይ፣ ቆይቶም ጋሊሊዮ በመነጽሩ የጨረቃን ተራሮችና የፀሐይን ነጠብጣቦች ሲመለከት፣ ክርክሩ ያን ያህል የጋለው። ሰማይም እንደ ምድር የሚለወጥና የሚጠፋ ከሆነ የቃሉ ድንበር ፈረሰ ማለት ነው።

በመካከለኛው ዘመን ሐኪሞች አፍ ደግሞ ቃሉ የበሽታ ምክንያት ነበር። ጥቁሩ ሞት አውሮፓን ባጠቃ ጊዜ፣ በ1348፣ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራን ለንጉሡ ባቀረቡት ጽሑፍ መቅሠፍቱን ከሦስት ዓመት በፊት ሦስት ፕላኔቶች በሰማይ ከመገናኘታቸውና ከዚያ ከተከተለው የአየር መበከል ጋር አያያዙት፤ አየሩ «ኮራፕት» ሆኗል ማለታቸው ነበር። ከበሰበሰ ሥጋ ትል በራሱ ይፈጠራል የሚለው እምነትም ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖሯል፤ ፍራንቼስኮ ሬዲ የተባለው ጣሊያናዊ በ1668 ባሳተመው ሥራው፣ ሥጋን በክፍትና በተሸፈኑ ዕቃዎች አስቀምጦ፣ ትሉ የሚመጣው ዝንብ ከጣለችው እንቁላል መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ ሳይንስ ሌሎች ጠበብ ያሉ ቃላትን እየመረጠ ሄደ። የመበስበስ ትርጉም ከዕለት ንግግር እየራቀ ሲመጣ የቀረው መጠለያ መጽሐፍ ቅዱስ ሆነ።

አሁን ወደ ጥቅሱ እንመለስ፤ ከሁሉ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። በዕብራይስጡ መዝሙር በዚህ ቦታ የሚገኘው ቃል «ሻኻት» ሲሆን በተለመደው ትርጉሙ ጉድጓድ፣ ማለትም መቃብር ነው፤ በፊደሉ ግን ማጥፋትንና ማበላሸትን ከሚገልጽ ሥር ጋር አንድ ነው። የግሪክ ተርጓሚዎች ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ይዘው «ዲያፍቶራ» አሉት፤ ከአርስቶትል «ፍቶራ» ጋር የአንድ ቤተሰብ ቃል ነው። ግዕዙ ግሪኩን ተከትሎ «ሙስና» አለ፤ «ማሰነ» ማለት ጠፋ፣ ፈረሰ፣ ተበላሸ ማለት ነውና። ላቲኑ «ኮሩፕቲዮ» አለ፣ እንግሊዝኛውም ከእርሱ ወሰደ። እነዚህን ቃላት ዛሬ ባሉበት እንያቸው። በዘመናዊው ግሪክኛ የባለሥልጣን ምዝበራና ጉቦኝነት የሚጠራው «ዲያፍቶራ» ተብሎ ነው። በዘመናዊው ዕብራይስጥ «ሽኺቱት» ይባላል፤ በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በዜና ዘወትር የሚሰሙት ይህ ቃል ከዚያው ከማበላሸት ሥር የወጣ ነው። በአማርኛ ሙስና፣ በእንግሊዝኛ ኮራፕሽን። የዐረብኛው «ፈሳድ»ም፣ ከጥቅሱ ውጭ ቢሆንም፣ ያንኑ ጎዳና ሄዷል። የአንድ ጥቅስ ትርጉም ሆነው የተቀመጡ ቃላት በየቋንቋቸው የወንጀል ስም ሆነዋል። አንዱ ከሌላው ቀድቶ ይሆናል ማለት ይቻላል፤ በከፊል እውነትነት አለው። ነገር ግን ከመገልበጥ በፊት የሚቀድም አንድ የጋራ ግንዛቤ አለ፤ የአንድ ሹም ክፋት ሲበዛ ሕዝብ የሚያስታውሰው ሽታውን ነው።

በንጉሥ ጄምስ ትርጉም ቃሉ በብዛት የሚመጣው በዚህ በጥንቱ ትርጉም ነው። ኢዮብ መበስበስን አባቴ፣ ትልን እናቴ ሲል ኮራፕሽን ነው፤ ጳውሎስ በአማርኛው «በመበስበስ ይዘራል፥ ባለመበስበስ ይነሣል» ያለውም እንዲሁ። በሐዋርያት ሥራ 13ኛው ምዕራፍ ደግሞ ዳዊት አንቀላፍቶ «ኮራፕሽን አየ» ተብሎ ተጽፏል። የዛሬ አንባቢ የኦርዮን ታሪክ አስታውሶ ክስ የቀረበ ቢመስለው አያስደንቅም፤ ሐዋርያው ግን ያለው የንጉሡ ሥጋ እንደ ማንኛውም ሰው ሥጋ ፈረሰ ብቻ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወጣው በሰፊው የሚነበበው የእንግሊዝኛ አዲስ ትርጉም በዚህ ቦታ መበስበስ ማለት የሆነውን «ዲኬይ» የሚለውን ቃል ተክቷል። ተርጓሚዎቹ ኮራፕሽንን ለጋዜጠኞች ለቀውላቸው ወጡ ማለት ይቻላል።

የእንግሊዝ ሕግም ቃሉን ባልጠበቅነው ቦታ አኑሮት ነበር፤ ይኸውም በደም ውስጥ። በአገር ክህደት ወይም በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት መብቱን ሁሉ የተገፈፈ ሰው ደሙ «ኮራፕት» እንደሆነ ይቆጠር ነበር፤ ይህ ማለት ራሱ ሊወርስም ሆነ ሊያወርስ አይችልም፣ ልጆቹም በእርሱ በኩል ከአያታቸው ርስት ሊደርሳቸው አይችልም ማለት ነው። ደም እንደ ወንዝ ታየ፤ አንድ ቦታ ላይ ከተበከለ ከዚያ በታች የሚጠጣው ሁሉ ይበከላል። በ1787 የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በሦስተኛው አንቀጹ የአገር ክህደት ፍርድ የደም ብክለትን እንዳያስከትል በግልጽ ከልክሏል፤ የአባት ጥፋት በልጅ ርስት ላይ እንዳይታሰብ ነው። በእንግሊዝ ደረጃ በደረጃ እየተሸረሸረ ሄዶ በ1870 በወጣ ሕግ አበቃ። የሕገ መንግሥቱ ሐረግ ግን ዛሬም እንዳለ ተጽፎ ይገኛል፣ የሚያነበውም ሁሉ ማብራሪያ ይፈልጋል።

የቃሉ የጉቦ ትርጉም ከሌሎቹ ጋር ሲፋጭ ለማየት ከፍራንሲስ ቤከን ጉዳይ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የሳይንስ ፈላስፋ ሆኖ የሚታወቀው ይህ ሰው የእንግሊዝ ከፍተኛው የፍርድ ሹም ነበር። በ1621 ከባለጉዳዮች ስጦታ ተቀብሏል ተብሎ በ28 ነጥቦች ተከሰሰ። ከከሳሾቹ መካከል ስጦታ ሰጥተው ሳለ ፍርድ የተፈረደባቸው ሁለት ባለጉዳዮች ነበሩ፤ ቅሬታቸው ተቀበለን ነው ወይስ ተቀብሎ አልፈረደልንም ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቤከን በጽሑፍ ባቀረበው ቃል በኮራፕሽን ጥፋተኛ መሆኑን በግልጽ አመነ፤ መከላከያም አላቀርብም አለ። የሎርዶቹ ምክር ቤት 40,000 ፓውንድ ቀጣው፣ ከሥልጣን አወረደው፣ ወደ ለንደን ግንብ ላከው፤ በእስር የቆየው ግን ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር፣ መቀጮውንም ንጉሡ አቀለለት። ከዚያ በኋላ ስለ ራሱ ሲናገር በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከነበሩት ዳኞች ሁሉ ፍትሐዊው እኔ ነበርሁ፣ የተፈረደብኝ ፍርድም በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ከተሰጡት ሁሉ ፍትሐዊው ነበር ብሏል።

ይህ አባባል እርስ በርሱ የሚቃረን ሊመስል ይችላል፤ ቃሉን በጥንቱ ሚዛን ላስቀመጠው ግን አይቃረንም። በዘመኑ ለሹም ስጦታ ማቅረብ የተለመደ ነበር፤ በእኛ አገር እጅ መንሻ ይባል የነበረውን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ቤከን ገንዘቡን ተቀበልሁ፣ ፍርዴን ግን አልሸጥሁም የሚል ነው። ሆኖም ሰውየው አንድም ፍርድ ባይሸጥ፣ ባለጉዳይ ሁሉ ባዶ እጁን መቅረብ የሚፈራበት ችሎት የተሰበረ ችሎት ነው። በእኔ ግምት ሎርዶቹ የቀጡት ይህን ስብራት ነው፣ ቤከንም ያመነው ይህንኑ ነው።

የመንግሥት ፈላስፎች ይህን ሰፊውን ትርጉም አጽንተው ያዙት። ማኪያቬሊ ስለ ተበላሹ ሪፐብሊኮች ሲጽፍ የሚያስበው ስለ አንድ ጉቦኛ ሳይሆን ነጻነቱን መጠበቅ ስላቃተው ሕዝብ ነው። ሞንተስኪዩም በ1748 የእያንዳንዱ መንግሥት መበላሸት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚጀምረው መሠረቱ ከሆነው መርሕ መበላሸት ነው ብሎ ጻፈ። በእንግሊዝ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እንደ ዊልያም ኮቤት ያሉ የለውጥ ጸሐፊዎች ጡረታውን፣ ያለሥራ የሚከፈለውን ደሞዝና የምርጫውን ሥርዓት ጠቅልለው «አሮጌው ኮራፕሽን» የሚል ስም አወጡለት። ከስሙ አጠገብ ሌላ የመበስበስ ቃል ቆሞ ነበር፤ ሕዝባቸው አልቆ ስማቸው ብቻ የቀረ የምርጫ ወረዳዎች «የበሰበሱ ወረዳዎች» ይባሉ ነበር። ኦልድ ሴረም የተባለው ኮረብታ ነዋሪ ሳይኖረው ሁለት እንደራሴ ወደ ፓርላማ ይልክ ነበር፤ አብዛኛው ክፍሉ በባሕር የተዋጠው ደኒች የተባለው ከተማም እንዲሁ ሁለት። ሁለቱም መብታቸውን ያጡት በ1832ቱ የምርጫ ማሻሻያ ነው።

የዚህ ሰፊ ትርጉም የመጨረሻ ዝነኛ ምስክር እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ሎርድ አክተን ሊሆን ይችላል። ሥልጣን ሰውን ወደ መበላሸት ያዘነብላል፣ ፍጹም ሥልጣንም ፍጹም ያበላሻል የሚለው አባባሉ በየስብሰባው ይጠቀሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ስለ ገንዘብ ዝርፊያ የተነገረ ተደርጎ። አክተን ግን ቃሉን የጻፈው በሚያዝያ 1887 ለታሪክ ጸሐፊው ለማንደል ክራይተን በላከው ደብዳቤ ሲሆን፣ ክርክራቸው ስለ ሮም ሊቃነ ጳጳሳትና ስለ ነገሥታት ጭካኔ ታሪክ እንዴት ይፍረድ የሚል ነበር። የሚያወራው ስለ ሰው ልብ መበላሸት ነው፤ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ሳንቲም ያልተቀበለ ገዥ ፈጽሞ የተበላሸ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ቃሉን እያጠበበው መጣ። በእንግሊዝ በ1883 የወጣው የምርጫ ሕግ መራጭን መጋበዝንና ማጠጣትን ሳይቀር «የኮራፕት ተግባር» ብሎ መደበ፤ በ1906 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ስጦታን «በኮራፕት መንገድ» መቀበልን ወንጀል አደረገ፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሳይተረጉም ተወው። ዳኞች ለአንድ መቶ ዓመት ተወዛገቡ፦ ሕጉ የሚለው በማጭበርበር ነው ወይስ ሕግ የከለከለውን ሆን ብሎ ማድረግ ብቻ ይበቃል? መፍትሔው ቃሉን ማባረር ሆነ፤ የ2010ሩ የብሪታንያ አዋጅ «ጉቦ» የሚለውን ስም ይዞ ኮራፕት የሚለውን መስፈርት አስወጣ። በዚህ ዓይነት የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎቹ ቃሉ ከመበስበስ ራቀ ብለው ተዉት፣ ሕግ አውጪዎቹ ደግሞ ለጉቦ አልጠበበም ብለው ተዉት።

በዓለም አቀፍ መድረክ ግን ቃሉ በዚያው ጊዜ ነገሠ። አሜሪካ በ1977 ኩባንያዎቿ ለውጭ ባለሥልጣናት ጉቦ እንዳይከፍሉ ከለከለች፤ በ1993 ሙስናን የሚታገለው ድርጅት ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በርሊን ላይ ተቋቋመ፣ ኮራፕሽንንም በአደራ የተሰጠን ሥልጣን ለግል ጥቅም ማዋል ብሎ ተረጎመ፤ በ1996 የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ጄምስ ዎልፈንሰን ኮራፕሽንን ካንሰር ብሎ ጠራው። የበሽታው ምሳሌ ሳያስበው ከመካከለኛው ዘመን ሐኪሞች አጠገብ አስቀምጦታል። የተባበሩት መንግሥታት በ2003 ያጸደቀው የፀረ ሙስና ስምምነት የተለያዩ ወንጀሎችን በዝርዝር ይደነግጋል እንጂ ኮራፕሽን የሚለውን ቃል ራሱን አይተረጉምም።

አማርኛ ወደዚህ ጉዳይ የገባው ባዶ እጁን አልነበረም። ጉቦ ነበረው፣ መማለጃ ነበረው፣ እጅ መንሻም ነበረው። ለሰፊው ጽንሰ ሐሳብ ግን የተመረጠው የግዕዙ ሙስና ነው፤ በተለይም በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 235 የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ ቃሉ በሕግም በዜናም ጸና። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ጉቦ መቀበልን ከብዙዎቹ ወንጀሎች አንዱ አድርጎ ሲዘረዝር፣ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀምንና ምንጩ ያልታወቀ ንብረት መያዝን አብሮ ስላካተተ፣ ቃሉ በሕጉ ውስጥ ከዕለት አነጋገሩ ሰፋ ብሎ ቀርቷል። ምርጫው እንደ ትርጉም ሥራ የሚደነቅ ነው፤ ከመቃብር ቃል የወንጀል ስም ማውጣት፣ ላቲኑ ያደረገውን ማድረግ ነው። ያስከፈለው ዋጋ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ይታያል። ስለ እመቤታችን ዕርገት የሚያስተምር ሰባኪ «ሙስና መቃብር ሳያገኛት» ካለ በኋላ መፍረስና መበስበስ ማለት ነው የሚል ማብራሪያ ለመጨመር ይገደዳል።

ያም ሆኖ አማርኛ የጥንቱን የኮራፕሽን ስፋት በሌላ ቃሉ ጠብቆታል፤ እርሱም «ተበላሸ» ነው። ወጥ ይበላሻል፣ መኪና ይበላሻል፣ ልጅ ከመጥፎ ጓደኛ ጋር ውሎ ይበላሻል፣ ቁም ጸሐፊ ሲገለብጥ ከሳተ ንባቡ ይበላሻል፤ መሥሪያ ቤቱም ከተበላሸ በመግለጫ ቋንቋ «ብልሹ አሠራር» ይባላል። ገበሬው ደግሞ ነቀዝ የገባበትን እህል እያሰበ አስተዳደሩ ነቅዟል ይላል፤ ከውጭ ሙሉ መስሎ ውስጡ ዱቄት የሆነውን ፍሬ ላየ ሰው ከላቲኑ የሚያንስ ሥዕል አይደለም።

እንግሊዝኛውም ጥንታዊ ትርጉሙን መልሶ ያገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ በኮምፒውተር ላይ ነው። ሰነድ ለመክፈት ስንሞክር ፋይሉ «ኮራፕትድ» ነው የሚል መልእክት ሲወጣ ማንም ጉቦ አልበላም፣ ማንም አይከሰስም፤ በተከታታይ መቀመጥ የነበረባቸው አንድና ዜሮዎች ተሰብረው ተቆራርጠዋል፣ ሮማውያኑም ያሉት ይህንኑ ነው። እኛ በዚህ ጊዜ ፋይሉ ተበላሽቷል እንላለን። ፋይሉ ማሰነ የሚል ሰው ቢገኝ መሳቃችን አይቀርም፤ የግዕዝ መምህር ግን ስህተት አያገኝበትም።